ከላይ ቆሜ የጎተትኩት መጋዝ

ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ናይሮቢ ተወልዳ ናይሮቢ ያደገች ናት። አማርኛ ጥሩ ትሰማለች፤ ስትናገር ግን ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ሩቡን በስዋሂሊ፣ የቀረውን ደግሞ እጇን እያወናጨፈች ነው የምትሞላው። ባለፈው ጊዜ አስተማሪዋ አንድ የቤት ሥራ ሰጠቻቸው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቃል ይመርጣል፣ ቃሉ ከየት እንደመጣ ያጣራል፣ ከዚያ ነገሩን በኑሮው የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው ፈልጎ ያነጋግራል። የክፍል ጓደኞቿ ቸኮሌትና ሳፋሪ ሲመርጡ የኔዋ «ሲሶ»ን መረጠች።

እኔ የማውቀው ሲሶ የመሬት ነው። «ምን ሊያስተምሯችሁ ነው ደግሞ፣ ጭሰኝነት?» አልኳት። ሳቀችብኝና በመስኮት ወደ ታች አሳየችኝ። ኪሌሌሽዋ የምንኖርበት ፎቅ ግቢ ውስጥ ልጆች የሚጫወቱበት ቀይ ሳንቃ አለ፤ መሀሉ ብረት ላይ ተቀምጦ፣ አንዱ ልጅ ሲወጣ ሌላው የሚወርድበት። ለካ እሱ ነው ሲሶ የሚባለው።

ዕቃውንማ አውቀዋለሁ። እኛም ልጅ ሳለን ከተጀመረ ቤት ጣውላ ሰርቀን ድንጋይ ላይ ጣል እናደርግና ጫፍና ጫፉ ላይ እንፈናጠጥ ነበር። ስም ግን አላወጣንለትም። «ና እንመዛዘን» ነበር የምንባባለው። ወፍራም ልጅ ከተገኘ ደግሞ ሁለት ቀጫጮች ከአንድ ወገን ይቀመጣሉ። እዚህ አገር በስዋሂሊ «ቤምቤያ» ይሉታል፤ ዥዋዥዌውንም ያንኑ ነው የሚሉት። አንድ ስም ለሁለት ዕቃ፤ ነጋዴ ቢሆኑ ኖሮ ይከስሩ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ኢስትሊ ሱቄ ድረስ መጣች። የምሸጠው አልጋ፣ ፍራሽና ቁም ሣጥን ነው። ላስቲኩ ያልተገፈፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። እኔ አንዲት ገዢ ይዣለሁ፤ ሴትዮዋ አልጋውን ካልተኛሁበት አልገዛም ብላ ጫማዋን እያወለቀች ነው።

«ዳዲ፣ ሊስን፣» አለች ልጄ። «ቃሉ የመጣው ከመጋዝ ነው ይላሉ።»

«ከምን?»

«ከመጋዝ። በእንግሊዝኛ መጋዝ ‹ሶ› ነው። ድሮ ሁለት ሰዎች አንድ ትልቅ መጋዝ ይይዛሉ። አንዱ ይስባል፣ ሌላው ይስባል። እንዳይደነቃቀፉ እየተቀባበሉ የሚሉት ነገር ነበር፤ ሲሶ፣ ሲሶ፣ እንደ ዘፈን። ልጆች ሰምተው በጨዋታ ያዙት። ከዚያ የሳንቃው ስም ሆነ። መቶ በመቶ እርግጠኛ አይደሉም፣ ግን እንደዚያ ይመስላል ነው የሚሉት።»

«ሌላስ?»

«ከዚያ በኋላ ደግሞ ወጣ ወረድ ለሚል ነገር ሁሉ ሆነ። ለዋጋ፣ ለምርጫ፣ ለሰው ሙድ።»

«የዋጋውን እኔ እነግርሻለሁ፣» አልኩ። ዕቃ በዶላር አስመጥቶ በሽልንግ የሚሸጥ ሰው ሳንቃው ላይ ነው የሚያድረው። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርኩ። ያበላሸሁት ቀጥሎ ነው። ተኝታ አልጋውን የምትሞክረው ሴትዮ አማርኛ ባይገባትም ወሬያችንን በፈገግታ ትከታተላለች። ሰው ሲያደንቀኝ አፌን መያዝ አልችልም፤ የነጋዴ በሽታ ነው። «እኔስ ራሴ መጋዝ ጎታች አልነበርኩም እንዴ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ሊሙሩ ላይ፤ ሁለት ሆነን፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች።»

ልጄ ከፍራሹ ተነሳች። «ሲሪየስ? አንተ የት ነበርክ?»

«ከላይ።»

«ሁልጊዜ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከየት እንደሚያመጡት አላውቅም። «ባብዛኛው፣» አልኳት።

«ከታችስ ማን ነበር?»

ሰውየውን ታውቀዋለች፤ መጋዝ ጎታች እንደነበር ግን አታውቅም። ኢምባካሲ የሚኖረው፣ በየዓመት በዓሉ ቅርጫችንን ይዘን የምንሄድለት፣ ግራ ዓይኑ ላይ ነጭ ነገር ያለበት ሽማግሌ። ወንድም ጋሼ ነው የምለው። ኤርትራዊ ነው፣ ካቶሊክ፣ ከኔ በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጣል። አማርኛውን የተማረው በወጣትነቱ አዲስ አበባ ጋራዥ ሲሠራ ነው፤ ከኔ ይልቅ እሱ አስተካክሎ ይናገረዋል።

«እኔን ጠይቂኝ፣ ምን ጎደለኝ?» አልኳት።

«ወላጅ አይቻልም ብላለች ቲቸር።»

ሴትዮዋ አልጋውን ገዛች። በሕይወቴ እንደዚያ ሳልከራከር የሸጥኩት አልጋ የለም።

ከወንድም ጋሼ ጋር የተገናኘነው ከአገር በወጣሁ በጥቂት ወር፣ ኢስትሊ ስምንት ሆነን በምንተኛበት ክፍል ውስጥ ነው። አንድ የሊሙሩ ገበሬ ባሕር ዛፉን በጉድጓድ መጋዝ የሚሰነጥቁለት ሁለት ሰዎች ይፈልጋል ተባለ። ወንድም ጋሼ ሙያውን ጥቂት ያውቀዋል፤ እኔ ጭራሽ አላውቅም፤ ግን አውቃለሁ አልኩ። ይህንን እንደ ውሸት አልቆጥረውም። ሥራ ፍለጋ ላይ የሚነገር ነገር ሌላ መዝገብ አለው።

ሥራው እንዲህ ነው። ከሰው ቁመት የጠለቀ ጉድጓድ ይቆፈራል። በጉድጓዱ አፍ ላይ ግንዱ ይጋደማል። ከሰል የተቀባ ክር ተወጥሮ ግንዱ ላይ መስመር ይመታል። አንዱ ሰው ግንዱ ላይ ወጥቶ ይቆማል፣ ሌላው ጉድጓድ ይገባል። መጋዙ ረጅም ነው፣ ከላይም ከታችም እጀታ አለው። የላይኛው ወደ ላይ ይስባል፣ የታችኛው ወደ ታች ይስባል፤ እንጨቱ የሚቆረጠው መጋዙ ሲወርድ ነው። ሲወርድ ደግሞ ሰጋቱራው ሁሉ የሚዘንበው ከታች ባለው ሰው ላይ ነው፤ በፀጉሩ፣ በአንገቱ፣ በአፍንጫው፣ በዓይኑ። ከላይ ያለው ንፋስ ያገኛል፣ ፀሐይ ያያል፣ መስመሩን ተከትሎ ይሄዳል።

ስለዚህ ሙያው ሕግ አለው፤ በየግንዱ መቀያየር። አንድ ግንድ ከላይ ከቆምክ የሚቀጥለውን ከታች ነህ። ማንም አይጽፈውም፣ ማንም አይከራከርበትም። እኛም ሦስት ሳምንት አክብረነዋል። በአራተኛው ሳምንት ጉንፋን ያዘኝ። ወደ ጉድጓዱ ልወርድ ስል ሳል ጀመረኝ፣ እውነተኛ ሳል። ወንድም ጋሼ መሰላሉን ይዞ አየኝና «አስም አለብህ እንዴ?» አለኝ።

መልሱን ጥያቄው ውስጥ ጠቅልሎ ሰጠኝ። እኔ ደግሞ የሰጡኝን ዕቃ የመመለስ ልማድ የለኝም።

«አዎ፣» አልኩ። «ከልጅነቴ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ይዘጋሃል፣ አንተ ደረቅ! ልትሞትብኝ ነው?» አለና እኔን ገፍቶ ራሱ ወረደ።

አሥራ አራት ወር ከዚያ ጉድጓድ አልወጣም። ማለቴ ይወጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ ሥራው ሲጀመር ግን ቦታው ታወቀ። የኔ ሥራ ውሸቱን መንከባከብ ሆነ። ውሸት ቀላል ነው፣ አያያዙ ነው የሚያደክመው። ቀን አንድ ሁለት ጊዜ፣ ሥራ ስንጨርስ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጌ እስላለሁ። እሱ ከጉድጓድ ወጥቶ ዓይኑን ታጥቦ ሳያበቃ የባሕር ዛፍ ቅጠል ለቅሞ ይቀቅልልኛል። ብርድ ልብስ ተከናንቤ እንፋሎቱን እንድስብ ያደርገኛል፤ እሱ ጠርዙን በእጁ ይዞ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ ይጠብቃል። «ሳብ፣ ሳብ፣ አትስነፍ» ይለኛል። እኔ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ አልሳቅኩም። ያንን እንኳ ለራሴ ልመስክር። የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

አንድ ሌላም ነገር አለ። ጣውላ ገዢ ሲመጣ የሚያነጋግረው ከላይ የቆመውን ነው። ገዢ ጉድጓድ ውስጥ አያይም። «ፉንዲ» ይሉኛል፣ ባለሙያው ማለታቸው ነው፤ ሙያውን ያስተማረኝ ሰው እግሬ ሥር ሰጋቱራ እየተፋ። ከገዢዎቹ ጋር ተላመድኩ፣ የት እንደሚሸጡ አወቅኩ፣ ከተማ ገብቼ ከእነሱ ጋር መነገድ ጀመርኩ። ዛሬ ሱቅ ያለኝ በብልጠቴ ነው ብዬ ብዙ ሰው አስተምሬያለሁ። ብልጠቱ አንድ ሳል ነበር።

ዓይኑ የጠፋበት ቀን ጠዋት ትኩሳት ነበረበት። መንቀጥቀጡን አይቻለሁ። «ስማ፣» አለኝ፣ «ዛሬ ግማሹን ግንድ ብቻ ያዝልኝ። አፍና አፍንጫህን በጨርቅ እንሸፍንልሃለን።» መልስ ከመስጠቴ በፊት ሳልኩ። ቃል እንኳ አላወጣሁም። «ተወው፣ ተወው» ብሎ ወረደ። ረፋዱ ላይ መጋዙ ግንዱ ውስጥ ተቀረቀረ፤ ስንጥቁን ለመክፈት ሽብልቅ አስገብቼ በመዶሻ መታሁት። ስንጥር ፈንጥሮ ወደ ታች ሄደ። ጩኸቱን ሰምቼ ስወርድ በሁለት እጁ ፊቱን ይዟል። ወደ ሐኪም ስንሄድ መኪናው ውስጥ ያለኝን ልጽፈው አልፈልግም ነበር፤ ግን እዚህ ከደረስኩ ምን ቀረ። «እንኳንም አንተን አላገኘህ። አንተ ገና ልጅ ነህ» አለኝ።

ለንስሐ አባቴ ውሸቴን ሁሉ በጅምላ ነው ያስረከብኩት። በችርቻሮ አልዘረዘርኩም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ልጄን ይዤ ኢምባካሲ ሄድኩ። ወንድም ጋሼ ዕቃ ማከማቻ ሲጠብቅ ኖሮ አሁን ጡረተኛ ነው፤ አንዲት ክፍል አለችው፣ በሯ ላይ ተቀምጦ ለሰፈሩ አናጺዎች መጋዝ ይስላል። ጥርሱን በጣቱ እየዳሰሰ ነው የሚስለው፤ ዓይን ብዙም አያስፈልገውም ይላል። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ በየጥቂት ደቂቃው ወሬ ይቋረጣል፤ አውሮፕላኑ እስኪያልፍ ሁሉም ሰው ቃሉን አፉ ውስጥ ይዞ ይጠብቃል።

«አንተን ኢንተርቪው ላደርግህ ነው፣» አለችው ልጄ።

«አንቱ በይ፣» አልኳት።

«ተዋት፣» አለ እየሳቀ። «በኬንያ ሁላችንም አንተ ነን። እሺ የኔ እመቤት፣ ጠይቂኝ።»

ስልኳን ለመቅጃ ደቀነችበት። ተነስቶ አቋቋሙን አሳያት፤ ጉልበቱን ሰበር፣ ክንዱን ዘርጋ፣ ወደ ታች ሳብ። ትኩሳት ይዞት ሳለ ስንጥር ዓይኑን እንዳገኘውም ነገራት። ዘፈን ነበራችሁ ወይ ብትለው «እኔና አባትሽ? እኛ የምንለው ‹ያዝ› ‹ልቀቅ› ብቻ ነው። ዘፈን የጠገበ ሰው ነገር ነው» አላት። የሳንቃውን ጨዋታ ስትነግረው ወደደው። «ልክ ነው፣ ያው ነው። ሁለት ሰው፣ አንድ እንጨት።» ከዚያ ጠየቀችው፤ ለምን አንተ ሁልጊዜ ከታች ሆንክ?

«አባትሽ አስም ነበረበታ!»

ወደ እኔ ዞረች። «ዳዲ አስም የለበትም። ስዊሚንግ ስመዘገብ ፎርሙ ላይ ‹በቤተሰብ አስም አለ ወይ› ሲል የለም ብሎ የሞላው እሱ ነው።»

«አሁን የለበትም!» አለ ወንድም ጋሼ። ፊቱ በራ። «አድኜው ነው እንጂ። በባሕር ዛፍ ቅጠል! አሥራ አራት ወር ቀቅዬለታለሁ፤ ተመልከቺው፣ ዛሬ ፈረስ ነው። ለስንት ሰው ነግሬያለሁ መሰለሽ። እነሆ እዚህ ጎረቤቴ፣» አለና በእጁ ሁለተኛውን በር አመለከተ፣ «ትንሽ ልጇን ያፍናታል። ሐኪም በአፏ የምትስበው መድኃኒት ሰጥቷታል። እኔ ግን ተዪው ይሄን፣ ልምድ ይሆንባታል አልኳት፤ ቅጠሉን ቀቅዪላት። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ትታዋለች።»

ወደ በሩ ዞርኩ። በበሩ መጋረጃ ሥር የልጅቷ እግር ይታያል፤ ትንሽ ሮዝ ነጠላ ጫማ። አራት ዓመት ቢሆናት ነው።

ሠላሳ ምናምን ዓመት ውሸቴ የበላው አንድ ሰው ብቻ ነው ብዬ ነበር የማስበው። እሱንም በዓመት በዓል ሥጋ እየካስኩት። አሁን ግን ውሸቱ ቆሞ እየሄደ ሰው ቤት ገብቷል።

መናገር እንዳለብኝ ገባኝ። የተናገርኩትን መንገድ ግን ስሙልኝ። ከሰማይ የአውሮፕላን ድምፅ መምጣት ሲጀምር ጠበቅኩ። ልክ ከጣራው በላይ ሲደርስ «አስም ኖሮብኝ አያውቅም፤ ዋሽቼህ ነው» አልኩ። በሕይወቴ ካደረግኩት ንግድ ሁሉ የከፋው ይሄ ነው፤ ሰጥቶ አለመስጠት። አውሮፕላኑ አለፈ። ወንድም ጋሼ ጆሮውን ወደ እኔ አዘንብሎ «ምን አልክ?» አለኝ።

ልጄ ከንፈሬን አይታለች። ዓይኗን ከኔ አልነቀለችም።

«አስም አልነበረብኝም፣» አልኩ እንደገና። «ጉድጓዱን ጠልቼ ነው። መጀመሪያ ቀን ጉንፋን ነበር። ሌላው ሁሉ ውሸት ነው። ቅጠሉ ያዳነው ነገር የለም፣ ወንድም ጋሼ። ልጅቷ መድኃኒቷን ትውሰድ።»

መጋዙ ጭኑ ላይ ነበር። ጣቱ ጥርሱ ላይ ቆመ። ሌላ አውሮፕላን መጥቶ አለፈ፤ ለዚህኛው ማንም የሚጠብቅ ወሬ አልነበረውም።

«ትኩሳት የያዘኝ ቀንስ?» አለ።

«ያን ቀንም።»

ራሱን ነቀነቀ፣ አንድ ሰው አድራሻ ነግሮት እንደገባው ዓይነት። ከዚያ ተነሳ። መጋዙን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ወደ ጎረቤቱ በር ሄደ። ሴትዮዋ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። በስዋሂሊ ነው ያናገራት፣ ቀስ ብሎ። የሐኪሙን መድኃኒት ዛሬውኑ መልሺላት አላት። ስለ ቅጠሉ የነገርኩሽ ነገር ትክክል አይደለም፣ ተሳስቼ ነው፣ ፖሌ፣ ይቅርታ አላት። ‹ተሳስቼ ነው› አለ እንጂ ‹ዋሽተውኝ ነው› አላለም። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ወደ እኔ አየች። እኔ መሬት መሬቱን ሳይ አንድ የባሕር ዛፍ ቅጠል የለም፤ ይህ ሰው ከየት ነው ለልጅቷ የሚለቅመው ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ሰዓት ሰው የማይረባ ነገር ያስባል።

ተመልሶ መጥቶ ተቀመጠ። «በሉ አሁን ሂዱ፣» አለ። ለልጄ ግን «ስትጽፊ ሁሉንም ጻፊው። ስትጨርሺ አምጥተሽ አንብቢልኝ። እንግሊዝኛው ለኔ አይገባኝም፣ እሱ ይተረጉምልኛል» አላት። «እሱ» ሲል ወደ እኔ አላየም። ከዚያ በፊት ስሜን ካልጠራ «አንተ ልጅ» ነበር የሚለኝ።

ቤታችን ግቢ ስንገባ ልጄ መኪና ውስጥ «ዳዲ፣ እንዴት ነው ሳል የሚሳለው ሳያምህ?» አለችኝ። ላሳያት አልቻልኩም።

ወንድም ጋሼ ሳምንቱን ሙሉ ስልኬን አላነሳም። ሐሙስ ዕለት አንድ ጊዜ አነሳ፤ «ልጅቷ ደህና ናት፣ የጎረቤቴን ማለቴ ነው» ብሎ ዘጋው። ለዚያች አንድ ቃል ሱቄን ዘግቼ ቁጭ አልኩ።

በሚቀጥለው እሁድ ጽሑፏን ይዘን ሄድን። ሁለት ገጽ ነው፣ በእጅ የተጻፈ፣ ጫፉ ላይ ሳንቃና ሁለት ሰው ሥላበታለች። ወንድም ጋሼ እንደልማዱ መጋዝ ይዟል። ለኔ በርጩማ አላቀረበልኝም፤ ለሷ አቀረበላት። በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ታነባለች፣ እኔ ቆሜ በአማርኛ እመልሳለሁ። ቃሉ ከመጋዝ ጎታቾች እንደመጣ ይታሰባል። ተረጎምኩ። ልጆች ለሳንቃው አወረሱት። ተረጎምኩ። ሳንቃው ላይ ከታች ያለው ልጅ በእግሩ መሬቱን ካልገፋ ከላይ ያለው አይወርድም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ግን የሚገፋ መሬት የለም። ይህንንም ተረጎምኩ፤ ጥሩ አድርጋ ነው የጻፈችው። አባቴ ከላይ ቆመ፣ የአባቴ ጓደኛ ከታች ቆመ። ተረጎምኩ።

ቀጥሎ ያለውን አነበበች። አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን ከእሱ በኋላ ያለው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ወረቀቱን በትከሻዋ በኩል አይቼው ነበር፣ ስለ ዓይኑ ሐኪም ቤት መሄድ የሚለውን። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ምላሴ ራሱ ያውቃል መንገዱን።

«ዳዲ፣» አለች፣ «ዘለልክ።»

ወንድም ጋሼ ቀና አላለም። ሞረዱን መጋዙ ጥርስ ላይ አንድ ጊዜ ሳበው።

«የዘለለውን መልሺለት፣» አላት።

እንደገና አነበበችው። እኔም ተረጎምኩለት።

«አባቴ ታሞ አልነበረም። ጓደኛው በትኩሳት እየነደደ እንኳ አልወረደለትም፤ ዋሸው።»

«እሺ፣» አለ ወንድም ጋሼ። «ቀጥል።»